ደብሪቱ የቆጠረችው ሰባት ቤት

ባለፈው ዓመት መርሳ ገበያ፣ ጥሬ ቆዳ በሚሸጥበት ጥግ ሳልፍ፣ የቆየ የፍየል ቆዳ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና እግሬ ቆመ። ሰው ሽንኩርቱን ተሸክሞ እየገፋኝ ያልፋል፣ እኔ ግን ከከተማው በላይ ካለው ጋራ፣ ከቤተ ክርስቲያናችን ደጀ ሰላም፣ ከእህቴ ከደብሪቱ ጎን ተቀምጬ ነበር። የዚያ አሮጌ መጽሐፍ ብራና ሽታው እንዲሁ ነበር።

አባቴን በሕይወቱ ሳለ አንቱ ስንለው ኖረን፣ ዛሬ እሱ እያልኩ ስጽፍ ትንሽ ይከብደኛል፤ ቢሆንም እሱ እለዋለሁ። እናታችን እኔን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ስለሞተች፣ ቤቱን የያዘችው ገና ጡቷ ሳያጎጠጉጥ ደብሪቱ ነበረች። ውሃ የምትቀዳው፣ ማሽላ የምትፈጨው፣ እኔን አዝላ የምታሳድገው እሷ ነበረች። አባቴ አንድም ቀን እግዜር ይስጥሽ ሲላት አልሰማሁም።

ክረምት ሲገባና ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር፣ አባቴ መደቡ ላይ ይቀመጥና ዘር ያስቆጥረን ነበር። ተገኘ፣ አምባው፣ ደስታ፣ አሊ፣ ጎበዜ፣ ውቤ፣ መኰንን። ተገኘ እሱ ራሱ ነው። መካከል ላይ አሊ መኖሩ የሌላ አገር ሰው ይገርመው ይሆናል፤ በእኛ አገር ግን አንዱ ወንድም ሲሰግድ ሌላው ሲያስቀድስ ስለኖረ ማንም አይገረምም። ሰባት ቤት ያልተራራቀ አይጋባምና፣ ልጅ ሁሉ ሰባቱን በቃሉ መያዝ ነበረበት። እኔ ሁልጊዜ ውቤን እዘል ነበር። «ስም የሚዘል ልጅ ሜዳ ላይ የበቀለ ነው፤ ሜዳ ላይ ለበቀለ ደግሞ እራት የለውም» ይልና መሶቡን ወደ ራሱ ይስበዋል። ደብሪቱ ከነጠላዋ ስር ቁራሽ ደብቃ ታቀብለኝ ነበር፤ ከተያዘች ሁለታችንም ጦማችንን እናድራለን። እሷ ግን አንድም ስም ዘላ አታውቅም፤ ከሰባቱ በላይ ያለውን እምሩን እንኳ የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ ከውርጌሳ ሽማግሌዎች መጡ። ልጁ ይመር ይባላል፣ ወንዝ ዳር ሽንኩርት የሚያለማ፣ ዝምተኛና ታታሪ ነው ተባለ። ደብሪቱ ገበያ ላይ አይታዋለች፤ እሱም አይቷታል። በዚያ ሰሞን ውሃ ስትቀዳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታንጎራጉር ነበር፤ እህቴ መዝፈን እንደምትችል ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። አባቴ እንግዶቹን በወጉ አብልቶ አጠጥቶ ወደ ቆጠራው ገባ። እስከ አራተኛው የሚገናኝ ስም አልነበረም። አምስተኛው ላይ የእኛ ጎበዜ በክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል ነበር፤ የእነሱም አምስተኛ የሚታወቀው ተዝካሩ ሲወጣ በተጠራበት ስም ነው፣ ያም ወልደ ሚካኤል። አባቴ የጠላውን ጣሳ አስቀመጠ። ሽማግሌዎቹ የእኛ ሰው ከላስታ የመጣ ነው፣ ከእናንተ ጋር አንድ አይደለም ብለው ቢለምኑት፣ መጽሐፉ ይናገር ብሎ አሰናበታቸው።

ማሽላው ታጭዶ ሲያበቃ ወደ ጋራው ወጣን። ደብሪቱን ይዟት የወጣው በጆሮዋ እንድትሰማ ነው፤ እኔ የተከተልኩት ከእሷ ስለማልለይ ነው። የደብራችን መዝገብ የሚባለው ሌላ ሳይሆን የብራና ወንጌል ነበር፤ በባዶ ገጾቹ ላይ ለቤተ ክርስቲያኑ መሬት የሰጡና ዕቃ ያስገቡ ሙታን፣ በጸሎት እንዲታሰቡ ስማቸው ተጽፏል። የሚጻፈው ግን የክርስትና ስም ብቻ ነው። አንድ ሰው ለሰፈሩ ጎበዜ፣ ለፈጣሪው ወልደ ሚካኤል ነው፤ በሕይወት ሳለ ያንን ስም መተተኛ እንዳይሰማበት ይደብቀዋል፣ ሲሞት ለቄስ ይነገርለታል።

ሴት ዕቃ ቤት ስለማትገባ፣ የንስሐ አባታችን ቄስ ፈንታው መጽሐፉን ደጀ ሰላሙ ድረስ አመጡልን። ከቆዳ ማኅደሩ ሲያወጡት ነው ያ ሽታ የመጣው። ገጹን በዝግታ እየገለጡ አነበቡ፤ አንድ ቦታ ወልደ ሚካኤል አሉ፣ ከሁለት ቅጠል በኋላ ደግመው ወልደ ሚካኤል አሉ፣ ከዚያም ቀና ብለው አባቴን አዩት።

«ተገኘ፣ እንዲህ የሚባል እዚህ አንድ ብቻ አይደለም። የማን ልጅ፣ የየት አገር ሰው እንደሆነ አልተጻፈም። በዚህ ልጅቱን አታስቀራት።»

«ስሙ አለ ወይስ የለም? እሱን ብቻ ይንገሩኝ።»

«መኖሩስ አለ።»

አባቴ ወደ እህቴ ዞረ። «ሰማሽ? ወንድምሽን ልታገቢ ነበር።»

ደብሪቱ አላለቀሰችም። ወንጌል ነውና ጎንበስ ብላ ተሳለመችው፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ እጄን ይዛ ቁልቁለቱን ወረደች። አባቴ ኃጢአት ፈርቶ ቢሆን ኖሮ ይቅር እለው ነበር። ነገር ግን በዚያው ሳምንት ለጎረቤታችን እየሳቀ፣ ደብሪቱን ድሬ ማሽላውን ማን ሊፈጭልኝ ነው ሲል በጆሮዬ ሰማሁት።

ይመር አንድ ዓመት ጠበቀ፤ በዓመቱ ጥር ከሐራ ሌላ አገባ። ሙሽራዋን የያዙት መኪኖች በአስፋልቱ ጥሩምባቸውን እየነፉ ሲያልፉ፣ እኔና ደብሪቱ ውሃ ቀድተን እየተመለስን ነበር። ጀሪካኗን እንዳዘለች መንገድ ዳር ቆማ፣ የመጨረሻው መኪና እስኪያልፍ ጠብቃ ተሻገረች። ከዚያ በኋላ ስታንጎራጉር ሰምቻት አላውቅም።

ጥቂት ዓመታት አልፈው፣ በአንድ በልግ አባቴ ሚስት አገባ። ያገባው ሙሉን ነበር፤ ሙሉ የይመር አባት እህት ናት፣ ያውም የአንድ አባትና እናት ልጅ። ባሏ ሞቶባት ወንዝ ዳር ጥሩ መሬት ይዛ ቀርታ ነበር። የሠርጉን ጠላ የጠመቀችው ደብሪቱ ናት፤ ማን ይጠምቀው ኖሯል? እኔ ያን ጊዜ ምላሴ ስሎ ስለነበር፣ እንግዳው ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ ጠየቅሁት።

«አባዬ፣ ያ ወልደ ሚካኤልስ የት ሄደ?»

«በክርስትና ስም ዘር ይቆጠራል እንዴ፣ አንቺ ልጅ?» አለና ሳቀ። እንግዳውም አብሮት ሳቀ።

ደብሪቱ በዚያች ሰዓት ለሙሽራዋ ወገኖች ጠላ እየቀዳች ነበር። ይመርም ከአክስቱ አጃቢዎች ጋር መጥቶ ተቀምጧል። ለእሱም እንደ ማንም ሞልታ ቀዳችለት፤ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰባትም። እሱ ቀና ብሎ አላያትም። አባቴን የጠላሁት ያን ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት እፈራው ነበር እንጂ አልጠላውም ነበር።

ሙሉ ሁለት ክረምት ታግሣው ጥላው ወደ ውርጌሳ ተመለሰች። እኔ አግብቼ ወልድያ ወጣሁ። አባቴ ሲታመም እየደገፈች ጠበል ያመላለሰችው ደብሪቱ ናት፤ አጥማቂው ሲጠይቀው፣ ዕድሜውን ሙሉ የደበቀውን የክርስትና ስሙን ሲናገር የሰማችም እሷ ብቻ ናት። ሲሞት ቄስ ፈንታው ቀድመውት አርፈው ነበርና፣ ለፍትሐቱ የመጣው አዲስ ወጣት ቄስ ነው። አስከሬኑ ተገንዞ እንዳበቃ ከደጃፉ ቆሞ፣ የክርስትና ስማቸው ማን ነው ብሎ ጠየቀ። ሁላችንም ወደ ደብሪቱ ዞርን።

«በክርስትና ስም ዘር አይቆጠርም ይሉ ነበር» አለች። «እኔ አላውቀውም።»

ስሙ ተጠርቶ ካልተፈታ፣ ሙት መንገዱን እንዳጣ ነው የሚቆጠረው። ቄሱ ደገመና ጠየቃት፤ እሷም ደግማ አላውቀውም አለች። በመጨረሻ ይህን አገልጋይህን እያለ ፈታው፤ በዚያ አሮጌ ወንጌል ላይም የአባቴ ስም አልተጻፈም።

አሁን ደብሪቱ እዚያው ቤት ብቻዋን ትኖራለች። ዘር መቁጠሩም እንደ ድሮው አይደለም፤ ሽማግሌው ስልክ ደውሎ ይጠይቃል፣ የጎደለውን ወጣቶቹ ብዙም አይፈልጉትም። ዘንድሮ ግን ልጄን የጠየቁት ሰዎች ወግ የሚያውቁ ስለነበሩ፣ የእናቷን ወገን ለማስቆጠር እኔን ይዘው መርሳ ድረስ ወረዱ። ደብሪቱ መደቡ ላይ፣ አባቴ ይቀመጥበት ከነበረው ቦታ ተቀምጣ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቆጠረችላቸው። አምባው፣ ደስታ፣ አሊ፣ ጎበዜ፣ ውቤ፣ መኰንን፣ እምሩ። የልጁ አጎት በጣታቸው ተከትለው፣ ሰባት ሞልቷል አሉ።

ያኔ አንድ ስም የዘለለ ልጅ ጦሙን ያድር ነበር። ደብሪቱ ተነሥታ አስታጠበችንና እራት አቀረበች፤ ሁላችንም በላን፣ እኔም አላረምኳትም።