የዋርሳዬ ሶኬት

ልጄ ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምትሠራው ነገር የገባኝ ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚኒባስ ስንመለስ ነው። ከእህቴ ጋር በኢንተርኔት የጀመርኩት ወሬ መንገድ ላይ ተቋረጠ።

"ስልኩ ቦታ ሲለውጥ አድራሻውም ይለወጥና የሚያነጋግርሽ ያጣሻል" አለችኝ ልጄ። "እኔ አድራሻው እንዲጸና፣ መንገዱ ብቻ እንዲለወጥ ነው የምሠራው። አንድ ፕሮግራም ከላይ ሆኖ ኔትወርክ የሚያሠራጩትን ሳጥኖች ያዛል።"

ለሙከራው ሁለት ሳጥኖች ተዋሰች፤ በማግስቱ መመለስ ነበረባት። አንዱን በእኛ መስኮት፣ ሌላውን ከመንገዱ ማዶ በዋርሳዬ፣ በሟቹ ባለቤቴ ታላቅ ወንድም ቤት ሚስታቸውን አስፈቅዳ አስቀመጠች። ከዚያ ላፕቶፗን ይዛ ጋሪ ላይ ወጣች። ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው ስታልፍ ቤት ካለው ኮምፒውተር ጋር የከፈተችው ቪዲዮ መቋረጥ የለበትም።

"ፈረሴም አብሮ ይመረቃል በይኛ!" አላት ባለጋሪው።

ጋሪው በዋርሳዬ በር ሲደርስ ቪዲዮው ተቋረጠ። ደገመች፤ እዚያው ተቋረጠ። ሳጥኑን ራሷ ሰክታዋለችና አልጠረጠረችውም። ጥፋቱ የፕሮግራሟ መስሏት ጋሪው ላይ እንደተቀመጠች ስትጽፍ ስትሰርዝ ረፈደ። ዋርሳዬ በረንዳቸው ላይ ሆነው ያዩዋታል።

ተሻግሬ ገባሁ። የሳጥኑ ሶኬት ተነቅሎ ወለሉ ላይ ወድቋል።

"ጋሼ፣ ይህን ማን ነቀለው?"

"እኔ ነኛ! ለሚስቴ ተነግሮ ለእኔ የማይነገረው ምን ቢሆን ነው?"

"እንዲህ ስትንከራተት እያዩዋት?"

"መጥታ ትጠይቀኛ። ተምራ የለ እንዴ?"

ታላቅ ሰው ሳይጠየቅ ቤቱ ዕቃ አይቀመጥም፤ ይህን አውቃለሁ። ግን አንድ ቃል ቢናገሩ ያበቃ ነበር። እሳቸው የልጅ ጭንቀት ቁጭ ብለው ማየት መረጡ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ብዙ ውጬላቸዋለሁ፤ ይህ ግን አልወርድ አለኝ።

ሶኬቱን ሰካሁና በርጩማ ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"ምን ልትሆኚ ነው?"

"ልጠብቀው።"

"በገዛ ቤቴ? ከእኔ?"

በርጩማውን ይበልጥ ወደ ሶኬቱ አስጠጋሁት።

የፈረሱ ኮቴ በበሩ አለፈ። ትንሽ ቆይቶ ልጄ ከመንገድ ጮኸች፦ "እማዬ፣ አልተቋረጠም!"

በምረቃዋ ድግስ ዋርሳዬ ለእንግዶቹ "በእኔ መብራት እኮ ነው የተሠራው" ሲሉ ሰማሁ። ሰው ሁሉ ሳቀ። የጠላውን ጆግ ይዤ እየዞርኩ ነበር። የሁሉንም ብርጭቆ ሞላሁ፤ የእሳቸውን አልፌው ሄድኩ።