ያልተጠየቀ መሐላ

ሆጤ ሰፈር የማስተምርበት ትምህርት ቤት የድራማ ክበብ አለው። ዘንድሮ ስለ አንድ ቀናተኛ ባል ተውኔት እያለማመድኳቸው ነው። ተማሪዎቼ በባልየው ይስቃሉ። ይሄን የሚያህል ሰው የጓደኛውን ወሬ ሰምቶ ቤቱን ያፈርሳል ወይ ይሉኛል። ወሬ አቀባዩን የሚጫወተው ልጅ ደግሞ ዓይኑን እያጉረጠረጠ ይጮኻል። እኔን ግን አያስቀኝም። ቤት የሚያፈርስ ሰው እንደማይጮኽ በታላቅ ወንድሜ አይቻለሁ።

ወንድሜ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር ሱቅ ከፍቶ ጨርቅ ይሸጣል። ሚስቱ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች፤ ያኔ ጠዋት በሚኒባስ ወርዳ ማታ ትመለስ ነበር። ተዋደው የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። ከሱቁ ጎን ሱቅ ያለው ጓደኛውም ዕቃ ሊያመጣ ኮምቦልቻ ይመላለሳል። ይህ ሰው ከወንድሜ በፊት ለእሷ ሽማግሌ ልኮ እንቢ መባሉን የሰማነው ነገሩ ሁሉ ከተበላሸ በኋላ ነው።

አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ ከወንድሜ ጋር ተቀምጬ ሳለ ጓደኛው ከኮምቦልቻ ተመልሶ መጣ። ስለ መንገዱና ስለ ሙቀቱ ሲያወራ ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ወላሂ፣ ሚስትህን ኮምቦልቻ ላይ አላየኋትም" አለው።

ወንድሜ ማን ጠየቀህ አለው። ጓደኛውም፣ ሰው አንድ ነገር ቢልህ እኔ እንደሌለሁበት እወቅልኝ ብዬ ነው አለና ወሬውን ቀየረ።

እኛ ዘንድ ወላሂ ከተባለ ነገር አለቀ፤ የማለን ሰው ዋሸህ ማለት ነውር ነው። ሰውየውም አልዋሸም። ያላየውን አላየሁም አለ፣ በቃ። ወንድሜ ግን ነጋዴ ነው፤ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ከአፉ አይጠፋም። ሳይጠየቅ የሚምል ሰው የሚደብቀው ቢኖረው ነው ብሎ አሰበ። ከዚያ ወዲህ ሚስቱ ብትዘገይ ጠረጠረ፣ በጊዜ ብትመጣም ጠረጠረ። ስልክ ስታነሳ ፊት ፊቷን ያያል። ጓደኛው ደግሞ ከኮምቦልቻ በተመለሰ ቁጥር ሳይጠየቅ ይምላል። ያን ሰው እስከ ዛሬ ሳየው ደሜ ይፈላል።

በመጨረሻ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ጓደኛውም ተጠርቶ መጣና ምንም ነገር አላየሁባትም ብሎ ማለ። እፎይ፣ አለቀ አልኩ በልቤ። ወንድሜ ግን ብድግ ብሎ "ይሸፍንላታል" አለ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ እንግዲያው እሷም ትማል አሉ። ሚስቱ ቀና አለች።

"አባባ፣ እርስዎ ማይ ካሉኝ እምላለሁ። ነገ ደግሞ እሱ ለምን ማለች ይለኛል" አለቻቸው።

በማግስቱ ልብሷን ጠቅልላ ኮምቦልቻ እናቷ ቤት ወረደች። ወንድሜ አልፈታትም፣ ሄዶም አላመጣትም። ሱቁን ይከፍታል፣ ጨርቁን ይለካል፤ ደንበኛ ሲያናግረው ግን ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው። ያ ተጫዋች ሰው እንዲህ መሆኑ አንጀቴን ይበላኛል።

እኔ አንዳንዴ ወርጄ እጠይቃታለሁ። ባለፈው ሳምንት ስመለስ በወንድሜ ሱቅ በኩል አለፍኩ። አየሻት ወይ አለኝ። አዎ፣ ደህና ናት አልኩት። ብቻዋን ናት ወይ አለኝ። ከእናቷ ጋር ናት፣ አንተን ትጠብቃለች፣ ሂድና አምጣት አልኩት። መቀሱን አስቀምጦ ዓይኔን ትክ ብሎ አየኝ።

"ማን ነው የላከሽ?" አለኝ።