የእናቴ ቃሪያና የእትዬ አስካለ ዓይን

ቅዳሜ ቀትር ላይ... እናቴ ላንቻ ለቅሶ ልትደርስ እንደወጣች ሦስቱን ቃሪያዎቿን ከነሥራቸው ነቀልኳቸው።

ክፋት አልነበረኝም። ያኔ ካዛንቺስ የቀበሌ ቤት ነበርን። ቃሪያዎቹ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ጠቧቸው ሥራቸው በቀዳዳው መውጣት ጀምሯል። እኔ ደግሞ ደምበል አካባቢ ካለው መሥሪያ ቤቴ ሦስት ባዶ የቀለም ባልዲ አግኝቻለሁ። ስትመለስ ሰፊ ቤት ገብተው ታገኛቸዋለች ብዬ ነው። በዚያ ሰሞን እሷን ማስደሰት የምችልበት ሌላ መንገድ አልታየኝም።

አሮጌውን አፈር አራገፍኩ። ከዚያ... ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ንጹሕ እንዲሆኑ ይሆናል፣ ሥሮቹን ቧንቧ ሥር ይዤ አጠብኳቸው። ነጭ እስኪሆኑ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ተከልኳቸውና በር ላይ ደረደርኳቸው።

እጄን ሳልታጠብ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ውሃ ሊቀዱ መጡ። እሳቸውና እናቴ ሃያ ዓመት ከአንድ ቧንቧ ቀድተዋል። እኔንም አዝለውኛል።

«ውይ ሲያምር! ምን ብትቀልቧቸው ነው?» አሉ ቅጠሉን በጣታቸው ነካ አድርገው።

ጀሪካናቸውን ሞልተው ሄዱ። በቃ። ያደረጉት ይኼንኑ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እናቴ ስትመለስ ቅጠሎቹ ሁሉ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥለዋል። ባልዲዎቹን አየች። እኔን አየች። ትጮኻለች ብዬ ስጠብቅ በዝግታ ጠየቀችኝ።

«ዛሬ ማን መጥቶ ነበር?»

«እትዬ አስካለ።»

«አየቻቸው?»

«አዎ... ሲያምር አሉ።»

«እትፍ እትፍ ሳትል?»

«...አላሉም።»

እውነቴን ነው፣ አላሉም። እናቴ ሌላ አልጠየቀችኝም። እኔም ስለ ሥሩ አልነገርኳትም።

ባልዲዎቹን ጓዳ አስገብታ በአሮጌ ነጠላ ሸፈነቻቸው። ከሰው ዓይን። በማግስቱ እትዬ አስካለ «እንዴት አደራችሁ» ሲሉ በራችን ተዘጋ። ቀስ ብሎ ነው የተዘጋው... ቢወረወር ይሻል ነበር።

ሰኞ ግብርና ለተማረ የሥራ ባልደረባዬ ነገርኩት።

«ሥሩን አጠብከው? አንተ፣ ዶሮ መሰለህ እንዴ?»

ስቆ ሲጨርስ አስረዳኝ። ተክል ቦታ ሲቀየርበት ይደነግጣል። የሚዛወረው ከነአፈሩ ነው፣ ያውም ፀሐይ ሲበርድ። ውሃ የሚስቡት እንደ ፀጉር የቀጠኑት ሥሮች ናቸው። እኔ እነሱን ነው አጥቤ የጣልኳቸው።

«አሁንስ ምን ላድርግ?»

«ጥላ ውስጥ አቆየው። ውሃ አታብዛበት። ከተረፈ በሳምንት፣ በአሥር ቀን ቀና ይላል።»

ስለዚህ አወቅሁ። አውቄም ዝም አልኩ። በየቀኑ ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ... እራት ላይ አፌን እከፍትና ጉርሻ አስገብቼ እዘጋዋለሁ።

ሐሙስ ዕለት እትዬ አስካለ ቧንቧው ጋ ያዙኝ።

«ቢንዬ፣ እናትህን ምን አድርጌያት ነው?»

«ምንም... አሟት ነው።»

«እሷ ታማ እኔ ሳልጠይቃት ቀርቼ አውቃለሁ?»

ጀሪካኑ ሞልቶ ይፈሳል። አልዘጉትም።

በዘጠነኛው ቀን ቃሪያዎቹ ቀና አሉ። አንዱ ላይ ትንሽ አዲስ ቅጠል ሁሉ ነበረ። አለቀ፣ ተረሳ ብዬ ልቤ ዘለለ። እናቴ ግን ነጠላውን በእጇ እንደያዘች ዞር አለችና፦

«አየህ? ከዓይኗ ሲሸሸጉ ዳኑ።»

...ያኔ ነው የደነገጥኩት። ያዳናቸው ጥላው ነበር። ለእሷ ግን ማስረጃ ሆነላት። ቢደርቁ ኖሮ ነገሩ ጥርጣሬ ሆኖ ይቀር ነበር። ስለዳኑ እትዬ አስካለ ላይ ተፈረደ።

ነገርኳት። ቀትሩን፣ ቧንቧውን፣ ሥሩን።

«ሰው የተክል ሥር ያጥባል?»

«እኔ አጠብኩ።»

«ዘጠኝ ቀን ሙሉ እያወቅህ?»

«ሰባት» አልኩ። ምን እንደነካኝ እንጃ።

ተቀመጠች። ከዚያ አንዱን ባልዲ አንስታ አስታቀፈችኝና «ለአስካለ ስጣት» አለች።

እትዬ አስካለ በራቸው ላይ ቆመው ባልዲውን አዩት። አልነኩትም።

«መልሰው። እኔ ቤት ቢደርቅ ደግሞ ምን ልትሉኝ ነው?»

ያውቁ ነበር። ምን ተብለው እንደታሙ ያውቁ ነበር... ቧንቧው ጋ ሲጠይቁኝም እያወቁ ነበር።

«እናትህ እግር የላትም? ራሷ ትምጣ።»

ባልዲውን እንደታቀፍኩ ተመልሼ የተባልኩትን ነገርኳት። ጫማዋን አድርጋ ወጣች።

የእኛን ቤትና የእሳቸውን የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ጆሮዬን ለጠፍኩ። መጀመሪያ ለቅሶ፣ የማን እንደሆነ አልለየሁትም። ከዚያ እትዬ አስካለ «ሥሩን?! በሳሙና ነው በውሃ ብቻ?» ሲሉ ሰማሁ። ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁ።

በመታማቴ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።