ባንኮኒውን ዞረው በሽተኛ የሚሆኑት ጋሽ ይልቃል

ዛሬ ጠዋት አክስቴ ከደብረ ማርቆስ ደውላ "ጋሽ ይልቃል አረፉ" ስትለኝ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው "ደህና አድርገሽ እያቸው፣ ይነሳሉ" የሚል ነው።

አክስቴ ማልቀስ ጀመረች። ያኔ ነው እውነት መሆኑ የገባኝ።

በሐዘን መቀለዴ አይደለም። እኚህ ሰው ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ሞተውብኝ ያውቃሉ። በገዛ ፋርማሲያቸው ወለል ላይ፣ ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ፣ እኔው ገድያቸው።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። ጋሽ ይልቃል እዚያው ደብረ ማርቆስ፣ ገበያው አጠገብ ፋርማሲ የነበራቸው ረጅም፣ ቀጭን ፋርማሲስት ናቸው። እኔ ያኔ ከትውልድ ከተማዬ ከሮብ ገበያ መጥቼ፣ አክስቴ ቤት ተቀምጬ መሰናዶ እማር ነበር። የአክስቴን የግፊት መድኃኒት በየወሩ የምገዛው እኔ ነኝ።

እሳቸው ጋ መድኃኒት ተቀብሎ ውልቅ ማለት የለም። አወሳሰዱን ቀስ ብለው ያስረዱሃል። ከዚያ ባንኮኒውን ዞረው ይወጡና አንተን ወደ ውስጥ ያስገቡሃል። ግንባራቸውን ይዘው እያቃሰቱ "በል እንግዲህ፣ አሁን በሽተኛው እኔ ነኝ። እንዴት ነው የምወስደው?" ይላሉ። ከተሳሳትክ እንደገና ከመጀመሪያው። "እሳቸው ጋ መድኃኒት ከመግዛት ማትሪክ ይቀላል" ይባል ነበር። ሰው ግን እየተነጫነጨም ቢሆን ተመልሶ እሳቸው ጋ ነው የሚሄደው።

አንድ ቀን ከፊቴ የነበሩ የደብረ ኤልያስ ገበሬ፣ መድኃኒቱን እስኪጨርሱ አረቄ እንዳይቀምሱ ተነግሯቸው ባንኮኒው ውስጥ ገቡ። ሁሉንም በትክክል ተናገሩ። ጋሽ ይልቃል እያቃሰቱ "ነገ ግን የወንድሜ ልጅ ሰርግ ነው፣ ምን ይሻለኛል?" አሏቸው።

ሰውየው ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ለነገ ብቻ ትንሽ ቅመስ። ለሐኪሙ ግን እንዳትናገር።"

እንደገና ከመጀመሪያው።

በሦስተኛው ወር እኔም ተራዬ ሲደርስ ኮራ ብዬ ገባሁ። "የጠዋቱን ብረሳው ማታ ሁለት ልዋጥ?" አሉኝ። "ይዋጡ፣ ይካካሳል" አልኩ።

ጋሽ ይልቃል ደረታቸውን ይዘው፣ በባንኮኒው ተንሸራተው ወለሉ ላይ ተዘረጉ። በር ላይ የነበሩ አንዲት እናት እውነት መስሏቸው "ኧረ የሰው ያለህ" እያሉ መንገደኛ ጠሩ። ፋርማሲው በሰው ሞላ። ጋሽ ይልቃል አንድ ዓይናቸውን ከፍተው "እሷ ናት የገደለችኝ" ብለው ጠቆሙኝ።

ተነስተው ጋዋናቸውን አራግፈው "የረሱትን ለማካካስ ብሎ ሁለት መዋጥ የለም፣ ልጄ። ይህን የሚነግረው ያጣ ስንት ሰው አለ መሰለሽ" አሉኝ። ሁሉም ይስቃል፤ እኔ ግን አክስቴን ነው ያሰብኩት። አክስቴ ስትረሳ ማታ ሁለት አድርጌ የምሰጣት እኔ ነበርኩ። ፋርማሲ ለመማር የወሰንኩት ያን ዕለት ነው።

ችግሩ አባቴ ነው። አባቴ የአብነት መምህር፣ ቄስ ነው። ውጤቴ ጥሩ ስለነበር ለሮብ ገበያ ሰው ሁሉ "ልጄ ዶክተር ልትሆን ነው" ብሎ ጨርሷል። የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ፎርም የምንሞላበት ሳምንት ደርሶ ፋርማሲ ብዬ ስነግረው "አሥራ ሁለት ዓመት የተማርሽው ሱቅ ልትጠብቂ ነው?" አለኝ። እሱ እምቢ ካለ አበቃ፣ አልሞላም።

ቅዳሜ ማርቆስ ወርዶ "ያን ልጄን ያሳሳታትን ሰውዬ አሳዪኝ" አለ። ተያይዘን ሄድን። መቼም ከመጣሁ አይቀር ብሎ፣ ለጨጓራው የታዘዘለትን፣ ኪሱ ውስጥ ታጥፎ የከረመውን ማዘዣ አወጣ።

ጋሽ ይልቃል አስረዱት። ከዚያ ባንኮኒውን ዞሩ። "በሉ አባ፣ አሁን በሽተኛው እኔ ነኝ።"

ዕድሜውን በሙሉ ተማሪ በቃሉ ሲያስጠና፣ ሲያስቀጽል የኖረ ሰው ነው እኮ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ቃል ሳያንጠባጥብ ተወጣው። ከዚያ ዓይኑን ገልጦ "አንተ ግን ልጄ፣ ስታስረዳኝ ሁለተኛውን መድኃኒት ሳትጨርስ ነው ሦስተኛውን የጀመርኸው" አላቸው።

ጋሽ ይልቃል ይቅርታ ጠየቁ። አባቴ ለጠብ የመጣውን ረስቶ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ። ቀጣዩ ሰው ሲደናቀፍ "ከላይ ጀምር" ይላል ከተቀመጠበት። ያን ቀን ጋሽ ይልቃል ያሳለፉትን ሁለት ሰው አባቴ መልሶ ጥሏል። ፋርማሲው ለምሳ ሲዘጋ ነው የተነሳው።

ቤት ስንገባ ለአክስቴ "ሰውየው እንደ እኔው ጉባኤ ዘርግቶ ነው የሚያስተምረው። ትግባ" አላት።

ፎርሙን ሞልቼ ለጋሽ ይልቃል ስነግራቸው ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም። ወደ መደርደሪያው ዞረው፣ የተደረደረውን መድኃኒት መልሰው መደርደር ጀመሩ። "እኔን መንግሥት ነው የመደበኝ፤ ሐሳቤ ሌላ ነበር" አሉኝ ሳይዞሩ። "ወድዶ ሲመጣበት ያየሁት አንቺን ብቻ ነው።"

ከተመረቅሁ በኋላ በደወልኩ ቁጥር "አልቆጨሽም?" ይሉኛል። እኔ ሁሌ በምሠራበት ፋርማሲ ሰው ተሰልፎብኝ ነው። "ኧረ ጋሼ ይተዉኝ" ብዬ ስቄ አልፈዋለሁ። የለመዱት ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። የምራቸውን ይጠይቁኝ እንደነበር የገባኝ ዛሬ ነው፣ ይህን እየጻፍኩ።

ጋሼ፣ አልቆጨኝም። አንድም ቀን። ሰው ሲያመናጭቀኝም፣ ቆሜ ስውል እግሬ ሲያብጥም አልቆጨኝም። ወድጄ ነው የገባሁት፣ አሁንም እወደዋለሁ። አንዲት ቃል ነበረች፤ ይህን ሁሉ ዓመት ስላስጠበቅሁዎት ይቅር ይበሉኝ። ደህና ይሁኑ፣ ጋሼ።