ቁጥር የጻፍኩባቸው ችካሎች

እናንተስ፣ ባብራራችሁ ቁጥር ይበልጥ ተጠርጥራችሁ ታውቃላችሁ? እኔን ገጥሞኛል። አዲስ የተላጠ የባሕር ዛፍ እንጨት በሸተተኝ ጊዜ ሁሉ ያ ሰሞን ይመጣብኛል።

በስልሳዎቹ መግቢያ ቡሬ ፊዚክስ አስተምር ነበር። ጉልበት መልኩን እንደሚለውጥ ለማሳየት ከተማሪዎቼ ጋር አንድ መሣሪያ ሠራን። ከዋርካ ላይ የሚወድቅ ድንጋይ ገመድ ይስባል፤ ገመዱ የበርሜል ውታፍ ይነቅላል፤ ውኃው የእንጨት መዘውር ያዞራል፤ መዘውሩ የብስክሌት ዲናሞ አዙሮ አምፖል ያበራል። ዋርካው የቆመው ከትምህርት ቤቱ ሜዳ ማዶ፣ በትምህርት ከሁሉ የምትበልጠው ተማሪዬ አባት ማሳ ጫፍ ላይ ነበር። ስለዚህ በርሜሉ ከቆመበት ከትምህርት ቤቱ ደጅ እስከ ዋርካው ድረስ ገመዱን የሚደግፉ የተላጡ የባሕር ዛፍ ችካሎች ተከልን። ሥርዓት ስለምወድ በቀይ ቀለም ቁጥር ጻፍኩባቸው። ርቀታቸውን በደብተሯ የመዘገበችው ልጅቷ ናት።

መሬት ሊለካ ነው፣ ግብር ሊጨመር ነው የሚለውን ወሬ ሰምቼ ነበር። ከችካሎቼ ጋር ግን አላገናኘሁትም።

በገበያ ቀን አባትዬው ልጃቸውንና አንድ ጎረቤታቸውን ይዘው መጡ። ደብተሩ በእጃቸው ነው።

«መምህር፣ የማንን ማሳ ነው የሚለኩት?»

«የማንንም አባባ። ጉልበት እንደማይጠፋ ነው የምናሳየው፤ መልኩን ብቻ ይለውጣል።»

«ግብርም እንደዚያው ነው» አሉ ጎረቤትዬው።

አባትዬው አልሳቁም። «አንብቢልኝ ብላት ‹ከሦስት እስከ አራት፣ አምስት ሜትር› አለችኝ። ሜትሩ ለምንድር ነው?»

ጥቁር ሰሌዳ አስወጥቼ ዋርካውን፣ ገመዱን፣ በርሜሉን ሣልኩ። የጉልበቱን መንገድ በቀስት አሳየሁ። የጠመኔው ብናኝ እጄን አልብሶት ነበር።

«ቀስቱ ከእኔ ማሳ ተነሥቶ ወደ መንግሥት ቤት ነው የሚሄደው» አሉ ቀስ ብለው።

ልጅቷ ጠጋ ብላ «ጋሼ፣ ድንጋዩን ይልቀቁት» አለችኝ።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ይግባቸው» አልኳትና ሌላ ቀስት ጨመርኩ።

አባትዬው ደብተሩን በጋቢያቸው ሸሸጉ። «ነይ ልጄ፣ እንሂድ» አሏት። ሄደች።

ሰኞ ድንጋዩን ለቀቅነው። ገመዱ ሲጥ አለ፣ ውኃው ተንዶለዶለ፣ አምፖሉም ደብዘዝ ባለ ቢጫ ብርሃን በራ። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። የእሷ ቦታ ባዶ ነበር፤ ዓመቱም እንደዚያው አለቀ።

መሣሪያው ከባድ አይደለምና እስኪ እናንተም ሞክሩት። ማብራሪያውን ለኋላ አቆዩት፤ ድንጋዩንም የሚጠራጠራችሁ ሰው በገዛ እጁ ይልቀቀው።