በሰናይት ሄልሜት ውስጥ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። በዕድሜዬ ሦስት የንስሐ አባት አይቻለሁ፤ አንዱ ሞቱ፣ አንዱ ወደ ሌላ ደብር ተዛወሩ፣ ሦስተኛው አሁንም አሉ። ለሦስቱም ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን፣ ከጎረቤቴ ጋር በአጥር መጣላቴን ተናዝዣለሁ። ይህን ግን ሁልጊዜ ዘልዬዋለሁ። መስቀል ተሳልሜ ስነሣ፣ ያልተናገርኩት ነገር ከኋላዬ ተነሥቶ አብሮኝ ሲወጣ ይሰማኛል። አሁን ለእናንተ፣ ለማታውቁኝ፣ እጽፈዋለሁ። ስለማምናችሁ አይደለም። ፊታችሁን ስለማላይ ነው።

ዲላ ውስጥ፣ ዋናው መንገድ ዳር፣ የሞተር ሳይክል መለዋወጫ ሱቅ ነበረኝ። ባሌ ሲሞት እኔ ያዝኩት። «ሴት ስለ ሞተር ምን ታውቃለች?» ያሉኝ ሁሉ፣ ቆይተው የቆመ ሞተራቸውን እየገፉ ደጄ መጥተዋል። ስማቸውን እዚህ አልጠራም፤ አልረሳኋቸውም ግን።

ጌትነት የሚባል አንድ ታናሽ ወንድም ነበረኝ። ሰናይት የሱ ሚስት ነበረች። በእናታችን ግቢ ውስጥ፣ ከኔ ክፍል በአንድ ግድግዳ ተለይተው ይኖሩ ነበር። ጌትነት ታሞ በሦስተኛው ወር ሞተ። ሙት ዓመቱ በወጣ በስድስት ወሩ ሰናይት ማቲዎስን አገባች። ማቲዎስ ከይርጋጨፌ ወዲያ የኮንጋ ልጅ ነው፤ ጌዴኦ፣ ዝምተኛ፣ ሥራ ወዳድ። ሁለቱም በይርጋጨፌ ዙሪያ ባሉት ቡና ማጠቢያዎች እየዞሩ፣ ገበሬው የሚያመጣውን እሸት ቡና ይመረምሩ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይኸው ነው ያንገበገበኝ። ክፉ ቢሆን ጥላቻዬ ምክንያት ያገኝ ነበር።

ሰናይት ስትሄድ የወንድሜን ሞተር ይዛ ሄደች። ሕጉ የሷ ነው ይላል። እኔ ግን ያ ሞተር በየጠዋቱ በሱቄ በር ሲያልፍ ድምፁን ከሌላው ሁሉ ለይቼ አውቀዋለሁ። ድምፁ የጌትነት፣ የተቀመጠችበት ሰናይት። ከኋላዋ በሌላ ሞተር ማቲዎስ። ስታልፍ እጇን ታነሣልኛለች። እኔም አነሣላታለሁ። ሰው ቢያየን ዘመዳሞች ተዋደዱ ይላል።

ያኔ ብሉቱዝ ማለት ዘፈን ከስልክ ወደ ስልክ ማሳለፊያ ነበር። ከአዲስ አበባ ዕቃ የሚልክልኝ ነጋዴ አንድ ቀን ሄልሜት ላይ የሚገጠም የብሉቱዝ መነጋገሪያ ላከልኝ። የክብሪት ቀፎ የሚያህል ነገር ነው፤ ከሄልሜቱ ጎን ይጣበቃል። ሁለት ጠፍጣፋ ስፒከር ወደ ጆሮ፣ ስፖንጅ ያለበት ማይክ ወደ አፍ ይወጣለታል። ሁለት ሰው በየሞተሩ ሆኖ አንድ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ያወራበታል። ለሰናይትና ለማቲዎስ እንደተሠራላቸው ነበር። የኮንጋን መንገድ ጠዋት ጠዋት ጉም ይውጠዋል፤ ከፊት የሚሄደው ኩርባውን ቀድሞ ካላየና ለኋለኛው ካልነገረ፣ ቡና የጫነ አይሱዙ ሳይታሰብ ከፊት ይደርሳል። ስለዚህ ገዙ። በእጄ ገጠምኩላቸው።

ዕቃው ርካሽ ነበር። እስከ ሦስት ሰው ያጣምራል፤ በአንድ ጊዜ የሚነጋገሩት ግን ሁለት ብቻ ናቸው። ሦስተኛው ሲገባ አንደኛው ይቋረጣል። እኔ ለናሙና ያስቀረሁት ሦስተኛ ነበረኝ። የመሐል ቁልፉን ተጭኜ፣ ቀይና ሰማያዊ መብራቱ እየተፈራረቀ፣ እሱንም ከሰናይት ጋር አጣመርኩት። «ለሙከራ ነው» አልኳቸው። ጥምረቱን ሳላጠፋው ሄዱ። ረስቼ ነው? አልረሳሁም። እኔ አልረሳሁም።

ሦስተኛው ከሱቄ እስከ መናኸሪያው ድረስ ይደርስ ነበር። መጀመሪያ መስማት ብቻ ነበር የፈለግሁት። ያንን ነገር ጆሮዬ ላይ አድርጌ ቁልፉን ስጫን፣ ትንሽ ቢፕ ይላል፤ ከዚያ እንደ ጉድጓድ አፍ ያለ እፍታ ይሰማል፤ ከዚያ የሰው ትንፋሽ። የሰናይት ትንፋሽ ጆሮዬ ውስጥ። ማቲዎስ መቋረጡን ሳታውቅ ለሱ ስታወራ ሰማኋት።

«እትዬ ዛሬም በር ላይ ቆማለች፣ አየሃት?» አለች። «እንደ ትራፊክ! ፊሽካ ብቻ ነው የቀራት።»

ሳቀች። ፊት ለፊት «እርስዎ» የምትለኝ ሴት ናት። ስድቡን እችለው ነበር። ሳቁ ግን በግድግዳው በኩል የማውቀው ሳቅ ነበር። ለወንድሜ ትስቅ የነበረው፣ ያው ራሱ፣ ምንም ሳይጎድልበት ለሌላ ሰው ተላልፎ ነበር።

እኔና ጌትነት ድምፃችን አንድ ነበር። በስልክ «ሄሎ» ስል «ጌትነት፣ እንዴት ነህ?» የማይለኝ አልነበረም። እሱ ሰናይትን፣ ሰው በሌለበት፣ በግድግዳው ማዶ፣ «ድንቡሼ» ይላት ነበር። እኔ እንደምሰማ ሁለቱም አያውቁም። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ከመናኸሪያው በኩል ሲመጣ ቁልፉን ተጫንኩ። አንድ ቃል ብቻ፣ ቀስ ብዬ፣

«ድንቡሼ» አልኳት።

ትንፋሿ ቆመ። በሱቄ መስኮት አየኋት፤ ሞተሩ ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ቀኝ ሄደ፣ አንድ ባጃጅ ፊት ቆመ። የባጃጁ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ «እናቴ፣ መንገዱን ልትተኚበት ነው?» ብሎ ጮኸባት። እሷ አልሰማችውም። ሄልሜቷን በሁለት እጇ ይዛ፣ የሞላ ዕቃ እንዳይፈስባት እንደምትጠነቀቅ ሰው፣ ወደ ሰማይ ታይ ነበር።

እኔ አደረግሁት። አንድ ጊዜ አድርጌ ብተወው ኖሮ ንዴት ነበር እል ነበር። ሰባት ጊዜ አደረግሁት። ንዴት ሰባት ቀን ጠብቆ፣ ሰዓት አይቶ፣ ቻርጅ ተደርጎ ይመጣል?

አንድ ቀን ማቲዎስ ሁለቱንም ሄልሜት አንጠልጥሎ መጣ። ሰናይት ከኋላው ናት፤ ከስታ ነበር።

«እትዬ፣ ይሄ ዕቃ ጤና የላትም» አለኝ። «መንገድ ላይ በጣም ጥሩ ናት። ከመናኸሪያ እዚህ ስንደርስ ትቆረጣለች። ቢፕ ትላለች፣ ከዚያ ዝም።»

«የመብራት ሽቦ ነው» አልኩት። «እዚህ ትራንስፎርመሩ ቅርብ ነው፤ ይረብሸዋል። ቢፑ ደግሞ ባትሪ ነው።»

ዕቃውን ፈታሁ። የማይኩን ስፖንጅ አየሁ፤ እርጥብ ሲሆን ድምፅ ያፍናል። ስፒከሮቹን ከጆሮ ጋር አስተካከልኩ፤ ከተንሸራተቱ አንድ ጆሮ ብቻ ይሰማል። በመጨረሻ ያለውን ጥምረት ሁሉ አጥፍቼ እንደ አዲስ ሁለቱን አጣመርኩ። በዚያች ደቂቃ ኃጢአቴም አብሮ ጠፍቶ ነበር። ልብ በሉ፤ እግዚአብሔር በእጄ ላይ አጥፍቶልኝ ነበር። ማቲዎስ ሞተሩን ሊያይ ወጣ። ሰናይት ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ አይሳቁብኝ። በዚህ ነገር ውስጥ የሞተ ሰው ድምፅ ይገባል?»

ማንም ሰው ያኔ እውነቱን ይናገር ነበር። ልቧ ላይ የነበረው ፍርሃት ዓይኗ ላይ ይታይ ነበር። እኔ ምን አልኳት?

«አንቺ ካልረሳሽው፣ እሱ ለምን ይረሳሻል?» አልኳት።

ወደ ውጭ ስትዞር ሄልሜቷ ባንኮኒው ላይ ነበር። ሦስተኛውን ከመሳቢያ አውጥቼ እንደገና አጣመርኩት። የመጀመሪያውን ለሙከራ ነበር ብዬ ራሴን ማታለል እችል ይሆናል። ሁለተኛውን ምን ልበለው?

ከሳምንት በኋላ ማቲዎስ ተመልሶ የሰናይትን መነጋገሪያ ብቻ ነቅሎ ሰጠኝ። «አሁንም ትፈራለች፤ እስቲ ደህና አድርገው ይዩዋት» አለኝ። ሁለት ቀን እኔ ዘንድ ዋለ አደረ። በመሳቢያዬ፣ ተቆልፎበት፣ መብራቱ ጠፍቶ። በሦስተኛው ቀን መለስኩላቸው። በማግስቱ ከመናኸሪያው ሲወጡ ለመጨረሻ ጊዜ ቁልፉን ተጫንኩ። በዚህ ጊዜ ስሟን አልጠራሁም።

«ረሳሽኝ?» አልኳት።

ሰናይት መንገዱ መሐል ቆመች። ሞተሩን አጠፋች። ሄልሜቷን አውልቃ አስፋልቱ ላይ በቀስታ አስቀመጠችው፣ የሕፃን ራስ እንደሚቀመጥ። ከዚያ በእግሯ ሄደች። መኪናው ሁሉ ጡሩምባውን ይነፋል። እኔ ግን ከዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል ጆሮዬ ላይ የምሰማው፣ ባዶው ሄልሜት ውስጥ የሚገባውን ነፋስ ነበር። ማጥፋት አቃተኝ። ማንም የሌለበትን ሄልሜት ቆሜ አዳመጥኩ። አንድ ሰው ሊመልስልኝ ያሰበ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሞተር አልነዳችም። ቡና ማጠቢያ ለማጠቢያ መዞር ስላልቻለች ከሥራ ወጣች። እናቷ ጠበል ወሰደቻት። ዘመድ ነሽና ነይ ተባልኩ፤ ሄድኩ። አዎ፣ ሄድኩ። ነጠላዬን አደግድጌ፣ ውሃው በራሷ ላይ ሲወርድ፣ ካህኑ «ማን ነህ? ልቀቃት!» እያሉ ሲጮኹባት ከሰው መሐል ቆሜ አየሁ። ልቀቃት የሚሉት እኔን ነበር። ዓይናቸው በላዬ ላይ ሲያልፍ ወደ ኋላ ሳፈገፍግ ከሰው ጋር ተጋጨሁ። አንዲት ሴት «አይዞሽ፣ ለዘመድ ከባድ ነው» ብላ ደገፈችኝ።

ሰናይት ውሃውን ከፊቷ እየጠረገች ተናገረች። «ኮንጋ ላይም ጠርቶኛል» አለች። «ከማጠቢያው በላይ ባለችው ኩርባ። ‹ድንቡሼ፣ ቁሚ› አለኝ። ቆምኩ። ወዲያው አይሱዙው ከጉሙ ውስጥ ወጣ። መነጋገሪያው እኮ ሄልሜቴ ላይ አልነበረም! እትዬ ዘንድ ነበር። እሷን ጠይቋት!»

ሁሉም ወደኔ ዞረ።

«እውነት ነው» አልኩ። «እኔ ዘንድ ነበር።»

በዚያ ቀን ከአፌ የወጣው እውነት ይህ ብቻ ነው፤ እሱም እብደቷን ለማረጋገጥ አገለገለ። መነጋገሪያው ሳይኖር ድምፅ ከሰማች እንግዲህ አልቋል ተባለ።

ኮንጋ ላይ የተናገርኩት እኔ አይደለሁም። ኮንጋ ከይርጋጨፌም ያልፋል፤ የኔ ድምፅ ከመናኸሪያው አይዘልም። ዕቃው በመሳቢያዬ፣ ቁልፉ በኪሴ ነበር። ለዓመታት ይህን እንደ ትራስ ተንተርሼው ኖሬአለሁ። አየሽ፣ ግማሹ አንቺ አይደለሽም፤ ከአንቺ ሌላም ጠሪ ነበራት፤ ማን ያውቃል፣ ወንድምሽ ራሱ ይሆናል፤ ለራሴ እያልኩ። አንዳንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ሱቄ ውስጥ ብቻዬን ስሆን ከኋላዬ ድምፄን እሰማለሁ፤ የኔን ይሁን የሱን መለየት አልችልም። እዞራለሁ። ጎማና ሰንሰለት ብቻ ነው ያለው። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፤ አእምሮዋ ከሆነ የጠራት፣ ያንን መጥራት ማን አስተማረው? ወንድሜ ከሆነ ደግሞ፣ እሱ የጠራት ሊያድናት ነው። እኔ ምን ላደርጋት ነበር የጠራኋት?

ማቲዎስ አንድ ዓመት ታገሠ። ሲለያዩ ሱቄ መጥቶ ሊሰናበተኝ ቆመ። «እትዬ፣ ከሰው ጋር እጣላለሁ። ከሞተ ሰው ጋር ግን በምን?» አለኝ። እጁን ጨበጥኩት። ይርጋጨፌ አጠገብ አሪቻ ሄዶ እዚያ ተቀመጠ።

ሰናይት አሁን ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ባለፈው ወር ሄድኩባት። ልነግራት ነበር የሄድኩት፤ ቃሉን መንገዱን ሙሉ አፌ ውስጥ ይዤው ነበር። ተማሪዎቹን አስተናግዳ ስትጨርስ ወንበር ሳበችልኝ። ጸጉሯ ሸብቷል። እኔን ስታይ ደስ አላት፤ ይህን ምን ላድርገው?

«እትዬ፣ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርዎት?» አለችኝ። «ዳንሽ ይሉኛል። ድኛለሁ መሰለኝ፤ ከጠራኝ ብዙ ዓመት ሆነ። ግን ያን ጊዜ ስለፈራሁ ነው እንጂ ... ጌትነት ከሞተ በኋላ ያስታወሰኝ ያኔ ነበር። ከመኪና ሥር ያወጣኝ እሱ ነው። ሌላው ሁሉ ቢቀር እሱ ይቀረኛል።» ፈገግ አለች። «አብጃለሁ ይበሉኝ፣ ግድ የለም።»

ማሽኑ እየሠራ ነበር፤ ብርሃኑ ከክዳኑ ሥር እየተመላለሰ። «አላበድሽም» አልኳት፤ ተነሥቼ ወጣሁ።

ወደ ቤቴ ስሄድ፣ ምሕረት አድርጌላታለሁ አልኩ። ያለቻትን አንዲት ነገር አልቀማኋትም አልኩ። ደግ ሥራ ሠርቶ እንደሚመለስ ሰው ረጋ ብዬ ተራመድኩ። ውሸት ነው። ዝም ያልኩት ለሷ ብዬ አልነበረም። ያ ደስታዋ ከፊቷ ላይ ሲወርድ፣ ከዚያም ዓይኗ እኔን ፈልጎ ሲያገኘኝ ማየት ፈርቼ ነው። ዛሬም ሞተሩን ይዛ መሄዷን ይቅር አላልኳትም፤ ይህንንም ልደብቃችሁ አልችልም።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅርታው የእናንተ አይደለም፤ የሷ ነው። እሷ ደግሞ ይቅር የምትለኝ ነገር እንዳለ አታውቅም፤ እንዳታውቅ ያደረግሁትም እኔ ነኝ።