የመበለቷ ባርቪኖክ

በካርፓቲያ ተራሮች ግርጌ ባለችው በዚያች መንደር ከኦዳርካ ጓሮ ያልወጣ የሙሽራ አክሊል ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው። አክሊሉ የሚጎነጎንበት ባርቪኖክ የተባለው ሐረግ በሰው አጥር ሥር ሁሉ ይበቅላል፤ ግን የሰው ባርቪኖክና የኦዳርካ ባርቪኖክ ለየቅል ናቸው። የሷ ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር መሬት ለመሬት ተስቦ ተንሰራፍቷል፤ ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ እንደ ተወለወለ ጫማ ያበራል። ሰማያዊ አበባው ሲፈነዳማ መንገደኛው ሳይቀር ቆሞ ያያል። ኦዳርካም ይህን ታውቃለች፤ አጥሩን ዝቅ አድርጋ ያሳጠረችው ለዚህ ነው።

መኮትኮቻ ወደዚያ መደብ አይደርስም። አረሙን በጣቷ ትለቅማለች፤ የሚሳበው ሐረግ ሥር እንዲሰድ ባላ በሆነ ጭራሮ መሬት ላይ ትሰካዋለች፤ ከዛፍ የረገፈው ቅጠል እንዳያፍነው እያነሳች ታራግፍለታለች። ጎረቤቶቿ «ኦዳርካ ልጆቿን እያጠበች ነው» ይሉና ይስቃሉ። ልጅ እንኳ የላትም። ባሏ ዴሚድ በተጋቡ በዓመቱ ጫካ ውስጥ ዛፍ ወድቆበት ሞተ፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ አላገባችም።

ጣጣው ታዲያ እዚህ ላይ ነው። የሙሽራን ባርቪኖክ የምትቆርጠው ባሏ በሕይወት ያለ ሴት መሆን አለባት። የመበለት እጅ ከነካው ሙሽራዋም መበለት ትሆናለች ይባላል። ስለዚህ ሠርግ በመጣ ቁጥር ሴቶቹ ዳቦና ቢላዋ ይዘው እየዘፈኑ ይመጣሉ፤ ኦዳርካ በር ከፍታ ታስገባቸውና ራሷ ቤት ገብታ በመስኮት ታያቸዋለች። ከነሥሩ ይመነግሉታል፣ የቀረውን ይረግጡታል፣ እልል እያሉ ይሄዳሉ።

መጀመሪያ «አንቺ ዞር በይ!» ያለቻት ሃፊያ ናት፤ የመንደሩ ወግ ጠባቂ፣ ምላሷ ከቢላዋ የሚስል። ኦዳርካ ያኔ ማቋን ገና አላወለቀችም ነበር። ቃሉ እስከ ዛሬ ከሆዷ አልወጣም።

ዘንድሮ ታዲያ በረዶ የሚጥልበት ወራት ባዶ ውርጭ ሆኖ አለፈ። ባርቪኖክ በረዶ ሲሸፍነው ይሞቀዋል፤ ራቁቱን ከቀረ ውርጩና ፀሐዩ ተባብረው ያቃጥሉታል። በየአጥሩ ሥር የነበረው ሁሉ አረረ። ኦዳርካ የጥድ ቅርንጫፍ ከጫካ እየጎተተች የራሷን ብታለብሰውም ለሰፊው መደብ አልበቃላትም፤ የዳነው አንድ ጥግ ብቻ ነው። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ የሃፊያ የልጅ ልጅ ሶሎሚያ ልታገባ ነው። ሶሎሚያ የኦዳርካ የክርስትና ልጅ ናት።

ሴቶቹ መጡ። ኦዳርካ በሩን ከፈተች፤ ቤቷ ግን አልገባችም። ሄዳ መደቡ ፊት ተገተረች።

«ምነው ኦዳርካ፣ አሳልፊን እንጂ» አለች ሃፊያ።

«አላሳልፍም። እንደ ልማዳችሁ ከነቀላችሁት አክሊሉም አይሞላ፣ ሥሩም አይተርፍ። ዛሬ የምቆርጠው እኔ ነኝ።»

«በስመ አብ! የልጄን ልጅ ገና ሳትዳር ማቅ ልታለብሻት ነው?»

«እንግዲያው ከመቃብሩ ቦታ ቁረጡ። እዚያ የጥዶቹ ጥላ ጥቂት አትርፏል።»

ሴቶቹ አማተቡ። የሙታን ቅጠል በሙሽራ ራስ ላይ! አንዷ ፈራ ተባ እያለች «ገበያ በማሰሮ የሚሸጥ አይቻለሁ...» ስትል ሃፊያ ዞረችባት።

«ማሰሮሽን ራስሽ ላይ ድፊው!»

ይሄኔ ሶሎሚያ ከኋላ ወጣች። «አያቴ፣ ከክርስትና እናቴ እጅ ካልሆነ አክሊል አላደርግም። ባዶ ራሴን ቤተ ክርስቲያን እገባለሁ።»

«አንቺ ዝም በይ! ሙሽራ አፍ የላትም!»

«ተያት» አለች ኦዳርካ። ከመደቡ ፊት ንቅንቅ አላለችም። «ስሚኝ ሃፊያ። ዴሚድን የገደለው ዛፍ ነው እንጂ እጄ አይደለም። የባለትዳሮቹ ባርቪኖክ ሁሉ አርሯል፤ ባል ያለሽ አንቺ እንኳ የራስሽን አላዳንሽም። እጄ ሞት የሚያመጣ ቢሆን ይሄ ቅጠል ዛሬ ይገኝ ነበር?»

ሃፊያ አረንጓዴውን ጥግ አየች፤ ከዚያ የልጅ ልጇን።

«ቢላዋውን ስጧት» አለች በመጨረሻ።

«አልቀበልም።»

«ደግሞ ምን ቀረሽ?»

«ዞር በይ ያልሽኝ በሰው ፊት ነው። ግቢ የምትይኝም በሰው ፊት ይሁን።»

ቆራጯ በስሟ ተጠርታ ነው ዘፈኑ የሚጀመረው። ሃፊያ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ አጥር ላይ ለተሰበሰበው መንደርተኛ ሁሉ እስኪሰማ ድረስ በሻካራ ድምፅዋ «ኦዳርካ ግቢ፣ ኦዳርካ ቁረጪ» ብላ አወጣች። ሴቶቹ ተቀበሏት።

ኦዳርካ ተንበረከከች። ዳቦውን መሬት አስነክታ ሐረጉን ከሥሩ ከፍ፣ ከፍ እያደረገች ቆረጠች። እያለቀሰች ነበር፤ ለመደበቅም አልሞከረች። ሽርጧ ሞላ፤ ሥሩም እንዳለ ቀረ።

በማር ተቀብቶ በወርቅ ወረቀት የተለበጠው አክሊል በማግስቱ በሶሎሚያ ራስ ላይ አበራ። ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ አንዱ እንግዳ «ዘንድሮ ይሄን የመሰለ ባርቪኖክ ከየት ተገኘ?» ብሎ ሳይጨርስ ኦዳርካ «ከኔ! ያውም በገዛ እጄ!» አለችው። ካህኑ ሳይቀሩ ዞረው አዩአት፤ ደስ አላት።

ሳምንት ሳይሞላ ከታችኛው መንደር አንዲት እናት አጥሩ ላይ ቆመች።

«እትዬ ኦዳርካ፣ ለልጄስ መቼ ትቆርጪልን ይሆን?»

ኦዳርካ አረም ከመልቀም ቀና አለች። ሴትዮዋን ትንሽ አስጠበቀቻት።

«ሐረጉ ሲያገግም እቆርጥላታለሁ» አለች። «እስከዚያ ሙሽራው ይታገስ። እኔስ ስንት ዘመን ታግሼ የለም እንዴ?»